ንቅሳት ላይ የታሰረ ስማርት ሰዓት፦ የልብ ምትን በብርሃን የመቁጠር ታሪክ



በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ አንዳንድ ጥያቄዎች እየተመሳሰሉ መጥተዋል። «ልጆቼ ከውጭ የላኩልኝ ሰዓት የልብ ምቴን ፈልጎ ያጣዋል፤ ልቤ ደክሞ ይሆን?» «እጄ ላይ ታቱ አለኝ፤ ሰዓቱን ባሰርኩት ቁጥር ይቆለፍብኛል፤ የይለፍ ቁጥር አስገቢ ይለኛል።» «ሰዓቱ ኦክስጅንህ 84 ነው አለኝ፤ እኔ ግን ደህና ነኝ፤ ምን ላድርግ?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ስማርት ሰዓት የልብ ምትን የሚቆጥረው በብርሃን ነው። ሰዓቱ የሚያርፍበት ቆዳ ጥቁር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ንቅሳት ካለበት ቀለሙ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ሰዓቱም ምት ያጣል ወይም የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ይህ ስለ ልባችሁ ጤንነት ምንም አይናገርም። ሰዓቱን ንቅሳት ወደሌለበት እጅ ማዛወር ብዙውን ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል።

ረጅሙ መልስ ግን ታሪክ አለው። ታሪኩን ያወቀ ሰው የሰዓቱን ቁጥር መቼ ማመን፣ መቼ መጠራጠር እንዳለበት ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጣት ወደ ሰዓት

ሐኪሞች የታማሚን የእጅ አንጓ ይዘው የደም ሥርን ምት ማዳመጥ የጀመሩት ከጥንት ነው። ነገር ግን ለረጅም ዘመን ምቱን «ፈጣን»፣ «ደካማ»፣ «የተዛባ» እያሉ ከመግለጽ በቀር በትክክል መቁጠር አይችሉም ነበር፤ ሰከንድ የሚቆጥር መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም። በ1600ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ በክር የተንጠለጠለ ፔንዱለም ተጠቅሞ የምትን ፍጥነት ማነጻጸሪያ ሠራ። የክሩን ርዝመት እያስረዘመና እያሳጠረ የፔንዱለሙን መወዛወዝ ከታማሚው ምት ጋር ያስተካክል ነበር።

በ1707 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር ስለ «የሐኪም የምት ሰዓት» መጽሐፍ አሳተመ። ልክ ለአንድ ደቂቃ የሚሠራ ሰዓት አሠርቶ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ምቱን ቆጠረ። የልብ ምትን «በደቂቃ ይህን ያህል» ብለን የምንናገርበት ልማድ ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። ልብ በሉ፤ ያኔም ሰዓቱ ጊዜን ብቻ ነበር የሚያውቀው። ምቱን የሚያውቀው የሐኪሙ ጣት ነበር። ጣት ደግሞ ንቅሳት አይከለክለውም።

ብርሃን ቆዳን ሲያልፍ

ማታ መብራት ስታጠፉ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ጣታችሁን በላዩ አድርጉ። ልጆቻችሁም ይወዱታል። ጣቱ ቀይ ሆኖ ይበራል። ምክንያቱም ደም አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን በብዛት ይውጣል፤ ቀዩን ግን ያሳልፋል። ዛሬ በእጃችን ያለው ቴክኖሎጂ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ቀላል ነገር ላይ ነው።

በ1935 ካርል ማቴስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በጆሮ በኩል ሁለት ዓይነት ብርሃን አሳልፎ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚገምት መሣሪያ ሠራ። በ1937 ደግሞ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ አልሪክ ኸርትዝማን የተባለ ተመራማሪ በጣት ላይ ብርሃን አብርቶ ልብ በመታች ቁጥር የብርሃኑ መጠን ከፍ ዝቅ እንደሚል አሳየ። ልብ ስትመታ ደም ወደ ቆዳ ይጎርፋል፤ ብርሃን ይዋጣል። ልብ ስታርፍ ደሙ ይቀንሳል፤ ብርሃኑ ይጨምራል። ይህን ከፍታና ዝቅታ መቁጠር ምትን መቁጠር ነው። የዛሬው ስማርት ሰዓት ከጀርባው የሚያበራው አረንጓዴ መብራት የሚሠራው ይህንኑ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከፍ ብለው የሚበሩ አብራሪዎች በኦክስጅን እጥረት ራሳቸውን ይስቱ ነበር። በ1942 ግሌን ሚሊካን የተባለ አሜሪካዊ ጆሮ ላይ የሚሰካ ቀላል መሣሪያ ሠርቶ «ኦክሲሜትር» አለው። ስሙ እስካሁን በሆስፒታሎቻችን ይነገራል።

ታዲያ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ብርሃኑን የሚውጠው ደም ብቻ አይደለም። ቆዳም፣ የቆዳ ቀለምም፣ ሥጋም ይውጡታል። የደሙን ድርሻ ከቆዳው ድርሻ እንዴት እንለየው? በ1940ዎቹ መጨረሻ በማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ኧርል ውድ አንድ መላ ዘየደ። ጆሮውን በአየር ግፊት ጨምቆ ደሙን ያስወጣል፤ ደም የሌለበትን ጆሮ ይለካል፤ ከዚያ ደሙ ሲመለስ እንደገና ለክቶ ልዩነቱን ይወስዳል። የቆዳው ድርሻ ተቀነሰ ማለት ነው። ግን ለእያንዳንዱ ታማሚ ይህን ሁሉ ማድረግ አድካሚ ነበር።

ጫጫታውን ያዳመጠው ጃፓናዊ

መፍትሔው ከጃፓን መጣ። ታኩኦ አኦያጊ የተባለ መሐንዲስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ልብ የምትረጨውን የደም መጠን በጆሮ በኩል በብርሃን ለመለካት እየሞከረ ነበር። የልብ ምት የሚፈጥረው ከፍታና ዝቅታ ልኬቱን እየረበሸ አስቸገረው። ሊያስወግደው ሲታገል ሳለ አንድ ነገር ታየው፦ በምት የሚለዋወጠው የደም ሥር ደም ብቻ ነው፤ ቆዳው፣ ሥጋው፣ አጥንቱ አይለዋወጥም። ስለዚህ የሚለዋወጠውን ክፍል ብቻ ከወሰድን የቀረው ሁሉ በስሌት ይጣፋል። ረባሽ ያለው ነገር ዋና መረጃው ሆነ። በ1974 ሥራውን ለሙያ ጓደኞቹ አቀረበ። ፐልስ ኦክሲሜትር የተወለደው እንዲህ ነው።

በ1980ዎቹ መሣሪያው በቀዶ ጥገና ክፍሎች ተስፋፋ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ጥገና ደኅንነት መጠይቅ ታማሚው ከመደንዘዙ በፊት ፐልስ ኦክሲሜትር መሥራቱ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። አኦያጊ ያረፈው በሚያዝያ 2020 በ84 ዓመቱ ነው። በዚያ ወር ዓለም በኮቪድ ተጨንቃ ነበር፤ የእርሱ ፈጠራ የሆነው ጣት ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያም ከቤት ቤት ይፈለግ ነበር።

የአኦያጊ ሐሳብ ትክክል ነው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ተመልሶ የሚመጣ በቂ ብርሃን መኖር አለበት። ከሚመለሰው ብርሃን ውስጥ ከምት ጋር የሚለዋወጠው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ብርሃኑ መንገድ ላይ ከተዋጠ ያች ጥቂቷ ጭራሽ አትታይም። የንቅሳት ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

2015፦ ሰዓቱና ንቅሳቱ ሲገናኙ

አፕል የመጀመሪያውን ስማርት ሰዓቱን በሚያዝያ 24፣ 2015 ለገበያ አቀረበ። ብዙ ቀናት ሳይቆይ የእጅ አንጓቸውን የተነቀሱ ገዢዎች አቤቱታ አሰሙ። ሰዓቱ ምታቸውን አያገኝም፤ አንዳንዴም ከእጅ የወለቀ መስሎት ይቆለፋል። ሰዓቱ «በሰው እጅ ላይ ነኝ» የሚለው ከቆዳው በሚመለስለት ምልክት ስለሆነ፣ ምልክቱ ሲጠፋ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ኩባንያው ወዲያው በመረጃ ገጹ ላይ አንዳንድ ንቅሳቶች የልብ ምት ሴንሰሩን ሊያውኩ እንደሚችሉ፣ የቀለሙ ዓይነት፣ ቅርጹና ጥቅጥቅነቱ ብርሃኑን ሊከልል እንደሚችል ገለጸ። ችግሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም፤ በብርሃን የሚለካ ማንኛውም ሰዓት ይነካዋል።

ለምን ንቅሳት? ቆዳችን ሁለት ዋና ንብርብሮች አሉት። የላይኛው በየሳምንታቱ እየተላጠ ይታደሳል። የታችኛው ግን ቋሚ ነው፤ ሰዓቱ የሚፈልጋቸው ቀጫጭን የደም ሥሮችም ያሉት እዚያ ነው። መርፌው ቀለሙን የሚያስቀምጠው በዚህ በታችኛው ንብርብር ነው። የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ቀለሙን እንደ ባዕድ ነገር ይውጡታል፤ ግን ሊያጠፉት ስለማይችሉ ይዘውት ይቀመጣሉ። ስለዚህ ቀለሙ ከደም ሥሮቹ ፊት እንደ መጋረጃ ይሆናል።

መጋረጃው ምን ያህል ዘላቂ እንደሆነ ለማወቅ ኦትዚን ማየት ይበቃል። ከ5,300 ዓመት ገደማ በፊት የሞተው ይህ ሰው በ1991 በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ ተገኘ። ገላው ላይ 61 ንቅሳቶች ተቆጥረዋል፤ በግራ እጁ አንጓ ላይም ጥቁር መስመሮች አሉ። ልክ ሰዓት በሚታሰርበት ቦታ ማለት ነው! ቀለሙ የከሰል ጥቀርሻ ነው።

ጥቀርሻ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የብዙዎቻችን እናቶችና አያቶች አንገታቸውን፣ ግንባራቸውን፣ እጃቸውን የተነቀሱት በጥላሸት ነው። በእጅ ጀርባና በክንድ ላይ መስቀል ወይም ጌጥ ያላቸው እናቶች በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ብዙ ናቸው። ጥቁር ካርቦን አረንጓዴውንም፣ ቀዩንም፣ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድንም ብርሃን ይውጣል። ስለዚህ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የተላከ ሰዓት የተነቀሰ የእናት እጅ ላይ ሲያርፍ «ምት የለም» ቢል አይግረማችሁ። እናታችሁም «ልቤ አልቋል» ብለው እንዳይጨነቁ አስረዷቸው። ንቅሳታቸው ምንም ጥፋት የለበትም፤ ለሰዓት ሲባል ማስጠፋትም አያስፈልግም።

ከቀለሞቹ ሁሉ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ንቅሳት ይበልጥ ያውካል። ቀይ ቀለምም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ የልብ ምት ቆጠራን ሊያስተጓጉል ይችላል። ቀጭን መስመር ወይም ሳሳ ያለ ንቅሳት ግን ብዙ ጊዜ ችግር አይፈጥርም። እንሶስላና ሂና የሚያቀልሙት የላይኛውን ንብርብር ነው፤ በሳምንታት ይለቃሉ። ሆኖም ጣት ላይ የጠቆረ ቀለም ወይም ጥቁር የጥፍር ቀለም ካለ ፐልስ ኦክሲሜትሩን ባልተቀባ ጣት ወይም በጆሮ ላይ ማድረግ ይመረጣል።

የተፈጥሮ የቆዳ ቀለማችንስ?

«ንቅሳት ብርሃን ከዋጠ ጥቁር ቆዳስ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ እገምታለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍልም ይኸው ነው።

የቆዳችን የተፈጥሮ ቀለም ሜላኒን የሚገኘው በላይኛው ንብርብር ሲሆን ከንቅሳት ቀለም ይልቅ ብዙ ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ ለልብ ምት ቆጠራ ሰዓቶቹ በጥቁር ቆዳ ላይም ይሠራሉ። በ2020 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተለያየ የቆዳ ቀለም ባላቸው 53 ሰዎች ላይ ሰዓቶችን ፈትነው በልብ ምት ልኬት ጉልህ ልዩነት በቆዳ ቀለም ምክንያት አላገኙም። ይልቅ ስህተቱን የጨመረው እንቅስቃሴ ነበር።

የኦክስጅን ልኬት ግን ሌላ ነው። በ1970ዎቹ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በስምንት ዓይነት ብርሃን የሚለካና የቆዳ ቀለምን ጭምር ከግምት የሚያስገባ የጆሮ ኦክሲሜትር ሠርቶ ነበር። ከባድና ውድ ስለነበር በሁለት ብርሃን በሚሠራው ቀላል መሣሪያ ተተካ። በ1990 ሁለት ተመራማሪዎች በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ታማሚዎችን አጥንተው ፐልስ ኦክሲሜትር በጥቁር ታማሚዎች ላይ ይበልጥ እንደሚሳሳት ጻፉ። ጽሑፉ ታተመ፤ መሣሪያው ግን እንደነበረ ቀጠለ። 30 ዓመት አለፈ።

በታኅሣሥ 2020፣ ኮቪድ ሆስፒታሎችን ባጨናነቀበት ወቅት፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አንድ ጥናት አወጡ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ኦክስጅን አላቸው ያላቸውን ታማሚዎች ደም በላቦራቶሪ ሲመረምሩ፣ ከጥቁር ታማሚዎች 11.7 በመቶ በሚሆኑት ልኬቶች ላይ ኦክስጅኑ በእውነት ከ88 በታች ነበር። በነጮቹ ላይ ይህ የታየው በ3.6 በመቶ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ማሽኑ «ደህና ነው» ያለው ሰው ታፍኖ ሊሆን ይችላል። በየካቲት 2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ስለዚህ ጉድለት ለሕዝብ ማሳሰቢያ አወጣ።

ሁለቱን ችግሮች እንለያቸው። ንቅሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ሰዓቱን ማሳወር ነው፤ ቁጥር ይጠፋል ወይም ከእውነት የራቀ ቁጥር ይመጣል፤ እናንተም ትደነግጣላችሁ። የጥቁር ቆዳ የኦክስጅን ልኬት ስህተት ግን ኦክስጅኑን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ የማሳየት ዝንባሌ አለው፤ ስለዚህ ሳትደነግጡ ያሳልፋችኋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ፐልስ ኦክሲሜትርን ጣሉት እያልኩ ግን አይደለም፤ በየጤና ተቋሙ ሕይወት የሚያድን መሣሪያ ነው። ቁጥሩን ከታማሚው ጋር አብራችሁ እዩት ነው የምለው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ሰዓቱን ንቅሳት በሌለበት እጅ እሰሩ። ሁለቱም እጅ የተነቀሰ ከሆነ ከአንጓው ከፍ አድርጋችሁ ንጹሕ ቆዳ ላይ ሞክሩ። ጠበቅ ይበል፤ ግን ደም አያቁም።

2. ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። እጃችሁ ቀዝቅዞ ከሆነ አሙቁት። ላብና ቅባት ጥረጉ። በልኬቱ ጊዜ እጃችሁን አታንቀሳቅሱ።

3. ቁጥሩ ካጠራጠራችሁ በጣታችሁ ቁጠሩ። መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ በአውራ ጣት በኩል ባለው የአንጓ ክፍል ላይ አመልካችና መሐል ጣታችሁን አሳርፉ። በአውራ ጣት አትቁጠሩ፤ የራሱ ምት ያሳስታችኋል። 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙ፤ ምቱ የተዛባ ከመሰላችሁ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። የስፖርተኛ ከዚህ ሊያንስ ይችላል።

4. ለስፖርት ወይም ለልብ ክትትል ትክክለኛ ቁጥር ከፈለጋችሁ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ አለ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው ይህ መሣሪያ የሚለካው የልብን ኤሌክትሪክ እንጂ ብርሃን ስላልሆነ የንቅሳት መጋረጃ አያግደውም። በጤና ተቋም የሚነሣው ኢሲጂም እንደዚሁ ነው።

5. «ሰዓቱ አላስጠነቀቀኝም» ማለት «ጤነኛ ነኝ» ማለት አይደለም። ምት ያላየ ሰዓት የተዛባ ምትንም አያይም። በሰዓት ቁጥር ብቻ የልብም ሆነ የደም ግፊት መድኃኒት አትጀምሩ፣ አታቁሙ፣ መጠኑንም አትቀይሩ።

6. ወላጆች፣ ሕፃን ልጅ ላይ የአዋቂ ሰዓት አስራችሁ በቁጥሩ አትወስኑ። የጨቅላ ሕፃን ልብ በደቂቃ ከ100 እስከ 160 ቢመታ የተለመደ ነው፤ ለእናንተ የሚያስደነግጥ ቁጥር ለእርሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ሳል ወይም ትኩሳት ካለው ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ፣ ሳያለቅስ፣ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ላለ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

7. የሚከተሉት ካሉ ሰዓቱ ምንም ይበል ምን ሳትዘገዩ ሂዱ፦ የደረት ሕመም ወይም መጨምደድ፣ ቁጭ ባሉበት የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ የከንፈር ወይም የምላስ መጥቆር፣ ግራ መጋባት። በልጆች ላይ ደግሞ ጡት ወይም ውኃ አልወስድ ማለት፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝና አልነቃ ማለት፣ ሲተነፍስ የታችኛው ደረት ወደ ውስጥ መግባት። የጠቆረ ቆዳ ላይ የከንፈር ቀለም መለወጥ ላይታይ ስለሚችል ምላሱንና የከንፈሩን ውስጥ እዩ። ንቅሳት ያለበት ድድ ግን አያሳያችሁም።

8. ሆስፒታል ስትሄዱ ንቅሳት ወይም የጥፍር ቀለም እንዳላችሁ ለሚለካችሁ ባለሙያ ንገሩ። ቁጥሩ ከምትሰሙት ሕመም ጋር ካልተስማማ «ሌላ ጣት ላይ ቢሞከር?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ባለሙያውን መናቅ አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ሲሠራ የቆዳው ጉዳይ የተፈታ ይመስል ነበር። ግን አዲስ ቆዳ ሲያጋጥመው፣ የተነቀሰም ይሁን የጠቆረ፣ እንደገና መፈተን ነበረበት። ስለዚህ ሰዓታችሁን እንደ ረዳት እንጂ እንደ ሐኪም አትዩት። ቁጥሩ ከሚሰማችሁ ነገር ጋር ሲጋጭ የሚሰማችሁን አስቀድሙ።

ይህን ጽሑፍ በተለይ ከውጭ ሰዓት ለተላከላቸው እናቶችና አባቶች አንብቡላቸው። ስለራሳችሁ ሁኔታ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ያለ ሐኪም አማክሩ።